ቀጋን ከነእሾሁ ማንሣት

ጎንደር ውስጥ ካሜራ አንግቶ የሚሄድ ሰው ምን ሊያነሣ እንደሚሄድ ማንም አይጠይቀውም፤ ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የጥምቀት ሰሞን ከሆነም የፋሲለደስን መዋኛ ሊያነሣ ነው ተብሎ ይታሰባል። አበባ ወዳድ መሆኑ ከታወቀበት ደግሞ መስከረምን ጠብቆ አደይ አበባ የሸፈነውን ሜዳ ያነሣል። እኔም ከአደይ አበባ ጋር ጠብ የለኝም፤ ሆኖም ካሜራዬን ይዤ ስወጣ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኔ የሚፈልገው ቀጋን ነው። በየአጥሩ ጥግ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ በገደል አፋፍና በወንዝ ዳር ሞልቶ ሳለ የፎቶ አንሺ ዐይን ሳያርፍበት የሚያልፈው ይህ ቍጥቋጦ ነጭ አበባውን ብቻ ሳይሆን እሾሁን፣ ፍሬውንና ያጠረውን ግቢ ጭምር ይዞ ካልተነሣ ግማሹ እንደ ቀረ እቈጥረዋለሁ። የዛሬው ጽሑፌም የሚያተኵረው በዚሁ ላይ ነው።

ቀጋ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የእጽዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ ስለ ጽጌረዳ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ስም ገልጾታል። ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የበቀለ ጽጌረዳ ይህ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች አልፎ ቀይ ባሕርን በመሻገር በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮችም ይገኛል። እኛ ዘንድ በአመዛኙ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ስለሚበቅል፣ ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው መንገዱን ሙሉ አብሮት ይሄዳል ማለት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ በሌላ ተክል ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቍጥቋጦ ሲሆን፣ ደጋፊ ሲያገኝና ሳይቈረጥ ሲቀር ግን እስከ ሰባት ሜትር ድረስ ሊደርስ ይችላል።

አበባውን ቀርቦ ላየው ከሱቅ ከሚገዛው ጽጌረዳ ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። እርስ በርሱ የተደራረበ የቅጠል ክምር የለውም፤ አምስት ነጫጭ መልካበባዎች (የአበባው ቅጠሎች) ብቻ አሉት፤ አልፎ አልፎም ነጩ ወደ ለጋ ቢጫ ያዘነብላል። በመካከሉ በርካታ ቢጫ ወንዴ ዘንጎች ክብ ሠርተው የቆሙ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል የሴቴው ዘንጎች አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ ቀጭን ምሰሶ ብቅ ይላሉ። ይህች ምሰሶ ቀጋን ከብዙዎቹ የጽጌረዳ ዘመዶቹ የምትለይ ምልክት ስለሆነች ከጎን ሆኖ ማንሣቱ ይጠቅማል፤ ከላይ ብቻ የተነሣ ፎቶ ይህንን ይደብቃል። አበባው በፈካበት ጠዋት የወንዴው ዘንጎች ጫፍ ደማቅ ቢጫ ነው፤ እየቈየ ሲሄድ ግን ወደ ቡናማ ይለወጣል። ስለዚህ በአንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከተሰበሰቡት አበቦች መካከል የትኛው ዛሬ እንደ ፈካና የትኛው እንደ ቈየ በዚሁ ቀለም መለየት ይቻላል።

የቀጋ ፎቶ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በነጭነቱ ምክንያት ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ በመሆኑ፣ ትንሽ ነጭ አበባ በጥቁር አረንጓዴ ቅጠል መካከል ሲቆም መለኪያው ጥቁሩን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ በዚህም መልካበባው ይቃጠልና መስመሩም እጥፋቱም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። በተቃራኒው አበባው ፎቶውን በሙሉ ከሞላው መለኪያው ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አበባው ያልታጠበ ነጠላ መስሎ ይወጣል። በመጀመሪያው ሁኔታ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ሙሉ እርከን መቀነስ፣ በሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ያህል መጨመር ይበጃል። በስልክ የሚያነሣ ሰው በስክሪኑ ላይ መልካበባውን ነክቶ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ቢስብ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። የቅጠሉ ጨለማ በኋላ ሊቃና ይችላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን አሥራ ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋ ከረፋዱ ጀምሮ አናት ላይ ትወጣለች፤ የቀጥታ ብርሃኗም ለነጭ አበባ ምሕረት የለውም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል ያለው ጊዜ ብርሃኑም ለስላሳ፣ ነፋሱም ገና ያልተነሣ በመሆኑ ከሌላው ሁሉ ይመረጣል። ሰዓቱ ካለፈ ግን ለእኔ ከማንኛውም የተገዛ ዕቃ የተሻለው ነጠላ ነው። ስስ ነጠላ በሁለት እንጨት ላይ ተወጥሮ ከአበባው በላይ ክንድ ያህል ከፍ ሲል ብርሃኑን አጣርቶ ያወርዳል፤ ጥለቱ ብቻ ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ አለዚያ ቀለሙ ነጩ ላይ ያርፋል። ነፋስ ሲያስቸግር ቅርንጫፉን መሬት ላይ ከተተከለ ዘንግ ጋር በልብስ መቈንጠጫ ማያያዝ ይቻላል። ይህ ሲሆን የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 አጥብቦ ምሰሶዋንም መልካበባውንም በአንድነት ጥርት አድርጎ ማውጣት ይቻላል፤ ማሰሪያ ከሌለ ግን የሹተሩ ፍጥነት ከሰከንድ 1/250 ባያንስ ይመረጣል።

ስለ እሾሁም አንድ ነገር ልጨምር። የቀጋ እሾህ መሠረቱ ሰፊ፣ ጫፉ ወደ ኋላ የተቈለመመ ነው። ሰው ልብሱ ሲያዝበት በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይጐትታል፤ በጐተተ ቍጥር እሾሁ ይበልጥ ይገባል። መፍትሔው መጎተቱን ትቶ ወደ ቍጥቋጦው ጠጋ በማለት እሾሁን በመጣበት አቅጣጫ ማላቀቅ ነው። ይህ ጠባዩ ለተክሉ መወጣጫው ነው፤ በጐረቤት ዛፍ ላይ የሚንጠላጠለው በዚሁ መንጠቆ ነው። ለፎቶም ቢሆን ፀሐይ ከኋላው ስትመታው የእሾሁ ቀላ ያለ ጠርዝ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከአበባው ይልቅ ይህን ማንሣት የምመርጥባቸው ጠዋቶች አሉ።

ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቅ የአርባ ቀን ወቅት ነው፤ በማግሥቱ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ይከበራል። በጎንደር ይህ በዓል የሚደምቀው እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ወቅቱ ስሙም ሥርዓቱም የአበባ በመሆኑ ጥቅምት ላይ ወደ ቁስቋም ኮረብታ መውጣት ደስ ይለኛል። በአንዱ ጠዋት ከፈራረሰው የቤተ መንግሥት ቅጥር ሥር ካለ የቀጋ ቍጥቋጦ አጠገብ ተንበርክኬ ሳለሁ አንዲት አረጋዊት መነኵሲት መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲመለከቱኝ ቈዩ።

«አንተ ልጅ፣ በጠዋቱ ከእሾህ ጋር ምን ያታግልሃል?» አሉኝ።

«የቀጋውን አበባ እያነሣሁ ነው፣ እማሆይ» ብዬ የካሜራውን ስክሪን አሳየኋቸው።

ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩና፣ «አምሮበታል። መዓዛውንስ ትይዘዋለች ይቺ ዕቃህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«መዓዛውን እንኳ አትይዝም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ ምኑን ያዝኸው!» ብለው ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ።

ከዚያ ወሬያችን ወደ ፍሬው ዞረ። እማሆይ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ቀጋ ስንቃቸው እንደ ነበረ ነገሩኝ። «እስኪቀላ ትጠብቀዋለህ። ሲቀላ በጥፍርህ ለሁለት ከፍለህ ውስጡን ጠርገህ ትጥላለህ። ጠጕሩን ከዋጥኸው ግን ጕሮሮህን ሲበላህ ይውላል» አሉ፤ ለማስረዳትም አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ አሽተው የማይታየውን ፍሬ ጠረጉት። እጃቸውን ማንሣት በጣም ፈልጌ ነበር፤ ፈቃድ ብጠይቃቸው ግን «የኔን እጅ ተውና ያንን አንሣ» ብለው በመቋሚያቸው ወደ ቀጋው ጠቈሙኝ።

የቀጋ ፍሬ ሲበስል ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል። የሚበላው ሥጋ ስስ ሲሆን በውስጡ ጠንካራ ዘሮችና እነርሱን የሸፈነ አጫጭር ጠጕር አለ፤ ጕሮሮን የሚያሳክከውም ይኸው ነው። የጽጌረዳ ፍሬዎች በአጠቃላይ በቫይታሚን ሲ የታወቁ ሲሆኑ፣ ቀጋም በብዙ የአገራችን ክፍሎች እረኞች፣ ሕፃናትና እህል ባጠረበት ጊዜም አዋቂዎች ጭምር የሚበሉት የዱር ፍሬ ነው። በባህል ሕክምናም ፍሬው ወስፋትን ለማስወጣት ይውላል። ቍጥቋጦው ለማገዶ ይቈረጣል፤ እሾሃማው ቅርንጫፍ የበግና የፍየል በረት መዝጊያ ይሆናል፤ ንብም አበባውን ትቀስማለች። የንቧን ፎቶ ለማንሣት የፈለገ ሰው አበባው ላይ ዐርፋ ስትዞር በኋላ እግሯ ላይ የሚከማቸውን ቢጫ ዱቄት ያስተውል፤ የፎቶው ማዕከል ሊሆን የሚገባው እሱ ነው።

ከወስፋት ጋር በተያያዘ የምወደው አንድ የዝምድና ነገር አለ። ለኮሶ በሽታ መድኃኒት የሆነው የኮሶ ዛፍ ከቀጋ ጋር በአንድ የእጽዋት ቤተሰብ፣ ማለትም በጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል፤ እንጆሪም ጥቁር እንጨትም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቅርጻቸው የማይገናኝ ሁለት ተክሎች፣ አንዱ በአጥር ላይ የሚንጠላጠል፣ ሌላው ትልቅ ዛፍ ሆኖ ቀይ የአበባ ዘለላውን የሚያወርድ፣ ሁለቱም ለሆድ ትል መፈለጋቸው ይገርመኛል። በኃይላቸው ግን እኩል አይደሉም፤ ኮሶ ሲበዛ የሚጎዳ ብርቱ መድኃኒት ሲሆን ቀጋ ግን ልጆች ሲጫወቱ የሚበሉት ፍሬ ነው። በዚህ ምክንያት ፎቶ ሥር «ለዚህ በሽታ ይጠቅማል» ብሎ መጠኑንና አወሳሰዱን ጭምር የሚጽፍ ሰው ሲያጋጥመኝ ቅር ይለኛል። ባህላዊ ጥቅሙን መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ማዘዝ ደግሞ የዐዋቂ ሥራ ነው።

ኮሶ ከተነሣ ጎንደር ውስጥ የተሠሩትን የቆዩ የአበባ ሥዕሎች አለማስታወስ አይቻልም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሰው በሠዓሊነት አብሮት ነበር። ባሉጋኒ የአገሩን እጽዋት በውኃ ቀለም እየሣለ ሲሠራ ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1771 እዚሁ ጎንደር ውስጥ ሞተ፤ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የኮሶ ሥዕል ይገኛል፤ የሠዓሊውን ድርሻ ግን ለራሱ አድርጎታል። ከባሉጋኒ ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል። እነዚያን የእጽዋት ሥዕሎች በኢንተርኔት የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ሠዓሊው አበባውን ብቻ አይሥልም፤ ቅጠሉን፣ ፍሬውንና ተከፍሎ የሚታየውን የአበባ ክፍል ጐን ለጐን ያስቀምጣል። እኔም ቀጋን በተከታታይ ፎቶዎች የማነሣው ይህንኑ ዘዴ ወስጄ ነው፤ የሩቅ አንድ፣ የቅርንጫፍ አንድ፣ የአበባ ከላይና ከጎን፣ የእሾህ አንድ፣ ከዚያም የተከፈለ ፍሬ።

አጥርን በተመለከተ አጎቴ ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ። አዘዞ አቅጣጫ ያለው ግቢያቸው ከሦስት ወገን በቀጋ፣ በአጋም፣ በቅንጭብና በቁልቋል የታጠረ ነው፤ አራተኛው ወገን ብቻ ልጆቻቸው ያሠሩት ብሎኬት ነው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን አባባል ማብራራት ለሚፈልግ ሰው እዚያ ጥግ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃዋል፤ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር የአጋሙ እሾህ ቁልቋሉን እየወጋ ወተቱን ያፈስሰዋል። ቀጋው ግን በሁለቱም ላይ ተረማምዶ አናታቸው ላይ ያብባል። ብሎኬቱን ለምን ወደ ሌላውም ወገን እንዳላስቀጠሉት ጠየቅኋቸው። «ብሎኬት ላይ ሌባ ይወጣል፤ ቀጋ ላይ የወጣ ሌባ ግን አላየሁም» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር በከተማው ውስጥ የአጎቴ ዓይነት አጥር እያነሰ ነው። ቦታ ጠቦ ሰው ግቢውን እስከ ወሰኑ ድረስ ሲገነባበት ክንድ ተኩል ስፋት የሚይዝ ሕያው አጥር ለማንም አይመችም፤ ቆርቆሮና ብሎኬት በአንድ ቀን ይቆማሉ፤ መከርከምም አይፈልጉም። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ መከርከሚያ ይዞ ከእሾህ ጋር የማይውል ሰው ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ቦታ ያለው ሰው ግቢውን በውጭ ጽጌረዳ ሲያስውብ፣ ያም ጽጌረዳ ውኃና መድኃኒት እየጠየቀው ሲያስቸግረው፣ ከበሩ ውጭ ያለ ማንም ውኃ በክረምትም በበጋም የቆመውን ቀጋ ደግሞ ለማገዶ ሲያስቈርጠው ሳይ ምርጫው የተገለበጠ ይመስለኛል። በሌላው ዓለም አትክልተኞች የአበባ ጽጌረዳን ቈርጠው የሚያጣብቁት በዱር ጽጌረዳ ሥር ላይ ነው፤ ጥንካሬው የሚመጣው ከዱሩ ስለሆነ።

ቀጋን በግቢው መትከል ለሚፈልግ ሰው ከዘር ይልቅ ቍራጭ ይቀላል። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ይዘገያል፤ በተፈጥሮ ወፎች ፍሬውን በልተው በየዛፉ ሥር ስለሚጥሉት ነው ያልተጠበቀ ቦታ ላይ የምናገኘው። ቍራጩ ከጠነከረ፣ ግን ካላረጀ ቅርንጫፍ ስንዝር ተኩል ያህል ተወስዶ ክረምቱ ሲገባ ከሦስት ሁለት እጁ መሬት ውስጥ ይተከላል። ከዱር ነቅሎ ማምጣት ግን አያስፈልግም፤ ሥሩም ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። ሌላው መታወቅ ያለበት የአከረካከም ጊዜ ነው፤ ከማበቡ በፊት የተከረከመ ቀጋ በዚያ ዓመት አበባ ይነፍጋል፤ የጠወለገ አበባን እያነሡ መጣልም ፍሬን አስቀድሞ መቁረጥ ነው። ስለዚህ አጎቴ የሚከረክሙት ፍሬው ረግፎ ካለቀ በኋላ ነው፤ የተቈረጠውንም እሾህ ለበጎቻቸው በረት ያደርጉታል።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለን ቀጋ ለማንሣት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቢያስፈቅድ፣ ጫማውን አውልቆ የሚገባበትንም ክልል ቢያስተውል ይበጃል፤ ቅርንጫፍ መቍረጥማ ጨርሶ አይታሰብም።

የተከፈለውን ፍሬ ያነሣሁት በበጋው፣ አጎቴ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ፍሬውን ለሁለት ከፍዬ ጥቁር የእንጀራ ምጣድ ላይ አስቀመጥሁት፤ ጥቁሩ ገጽ ቀዩን ያጐላዋል፤ ከበሩ በኩል የሚገባው የጎን ብርሃንም እያንዳንዷን ጠጕር ለየብቻዋ ያሳያል። ፎከሱን በራስ-ሰር ሳይሆን በእጅ ማስተካከል ነበረብኝ፤ ካሜራው ጠጕሯን ትቶ ዘሩ ላይ ያርፋልና። የአጎቴ ትንሿ ልጅ ሥራዬን ስትመለከት ቈይታ ከጨረስሁ በኋላ ግማሹን ፍሬ አንሥታ በጥፍሯ ጠረገችና በላችው፤ ሌላውን ግማሽ ለእኔ ሰጠችኝ።